ለልጄ ደረት የተቆጠረ ኮከብ

ልጄ አስም አለባት። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ጠዋትና ማታ ኢንሄለር፣ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት፣ ትስባለች። በፈረንጆች 2020 በኮሮና ምክንያት ኮሌጇ ተዘግቶ ትምህርቱ በኮምፒውተር ሲሆን፣ ላስ ቬጋስ፣ ዊንቸስተር ሰፈር ያለችው አፓርታማችን ውስጥ ሁለታችን ተፋጠጥን። እኔ ኤርፖርት ዊልቸር ነው የምገፋው፤ መንገደኛ ሲጠፋ ሺፍቴን በሳምንት ወደ ሁለት ቀን አወረዱት። ሳሏን ቁጭ ብዬ የማዳምጥበት ጊዜ አገኘሁ።

እሷ ደግሞ ኦንላይን አንዲት መምህርት አገኘች። አዩርቬዳ ይሉታል፣ የህንዶች የጥንት ሕክምና ነው። ሰው ሦስት ጠባይ አለው ይላሉ፦ ቫታ የነፋስ፣ ፒታ የእሳት፣ ካፋ የውሃና የመሬት። ሁሉም ሲወለድ ድርሻውን ይዞ ይወለዳል፤ ድርሻው ሲዛባ ይታመማል፤ በምግብና በእንቅልፍ ይስተካከላል።

"ማሚ፣ እኔ ካፋ ነኝ" አለችኝ። "ለዚህ ነው ደረቴ አክታ ሚበዛው።"

"ማን ነገረሽ?"

"ቴስት አደረግኩ።"

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም ይህን ትምህርት አውቀዋለሁ። በእኛ አገር ኮከብ ቆጣሪው የሰውን ስም ከእናቱ ስም ጋር ደምሮ እሳት ነህ፣ ነፋስ ነሽ ይል ነበር። አክስቴን "ኮከብሽ እሳት ነው" ብሎ ቀይ ዶሮ አሳረዳት። ዶሮውን የበላው እሱ ነው። አሜሪካ ድረስ መጥቼ ያው ሰውዬ ቀሚስ ለብሶ በኮምፒውተር ጠበቀኝ።

ቤቱ በዝንጅብልና በእርድ ተሞላ። አንድ ቀን ከቻይናታውን ትንሽ ብልቃጥ ይዛ መጣች፣ "ጊ" የሚባል የደረት መድኃኒት። ቀመስኩት። ንጥር ቅቤ ነው፤ ያውም ኮረሪማ ያልነካው። ትኩስ ብሉ፣ እራት በጊዜ ብሉ የሚሉትን አልቃወምም። ያንን ግን የትኛዋም እናት ያለ ቴስት ታውቀዋለች።

ኢንሄለሩ ላይ የቀረውን የሚያሳይ ቁጥር አለ። ክፍሏን ስጠርግ ሁልጊዜ አየዋለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰማንያ አራት ላይ ቆመ። ያን ጊዜ ትንፋሽ አጥሮት ሆስፒታል የገባ ሰው በእናቱ እንኳ አይጠየቅም ነበር።

ብጮህ በሯን ትቆልፋለች። ስለዚህ "መምህርትሽ እኔንም ትመርምረኝ" አልኳት። ደስታዋ!

ቅዳሜ ጠዋት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥን። መምህርቷ ጠየቀች፣ ልጄ ተረጎመች።

"ቆዳሽ ደረቅ ነው?"

"ቬጋስ ውስጥ ቆዳው ያልደረቀ ካለ እሱ ይመርመር።"

"ማሚ! አዎ ወይም አይ በይ።"

"አዎ።"

"ትጨነቂያለሽ?"

"ሥራ የለም፣ በሽታ አለ፣ ልጅ አለችኝ። ያልተጨነቀ እብድ ነው በያት።"

መምህርቷ እጇን አጨበጨበች። ቫታ ነኝ፣ ነፋስ። እግሬን በሰሊጥ ዘይት ልታሽ አለች።

"አየሽ? ልክ አንቺን!" አለች ልጄ።

"አሁን እኔ ልጠይቃት። ልጄ መድኃኒቷን ካቆመች ሦስት ሳምንቷ ነው። ትንፋሿ ቢዘጋ ይህ ቅቤ በስንት ደቂቃ ይከፍተዋል?"

ልጄ ዞራ አየችኝ። ማቆሟን እንደማውቅ አላወቀችም ነበር።

"ተርጉሚ።"

"ማሚ፣ አታሳፍሪኝ።"

"ተርጉሚ፤ አለዚያ በራሴ እንግሊዝኛ እጠይቃታለሁ፣ ማፈር ያን ጊዜ ነው።"

ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተረጎመች። የመምህርቷ ፈገግታ ጠፋ። መድኃኒት አቁሚ አላልኩም፣ ሐኪም አይደለሁም፣ የፈረምሽው ፎርም ላይ ተጽፏል አለች። ይህን ያለ አስተርጓሚ ገባኝ። ኮከብ ቆጣሪው እንኳ ያለውን አልክድም ብሎ አክስቴ ፊት ይቆም ነበር። ይቺ ወረቀት ሥር ገባች።

"ሰውነትሽ አይፈልገውም ብለሽኝ ነበር እኮ" አለቻት ልጄ በእንግሊዝኛ። ድምጿ የሕፃን ሆነ። መምህርቷ ሰዓት አልቋል ብላ ከስክሪኑ ጠፋች።

ልጄ ኮምፒውተሩን ከደነችው። ሳታየኝ ክፍሏ ገባች፣ ከዚያ ወደ መታጠቢያ ቤት አለፈች። አልተከተልኳትም፤ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ውሃ ተከፈተ። ያን መድኃኒት የሳበ ሰው አፉን መጉመጥመጥ አለበት፣ አለዚያ ምላሱ ይቆስላል። ስትጉመጠመጥ ሰማሁ። ሁለት ጊዜ። ተመልሼ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ።