ኮሪያዊቷ ባልቴትና የእኔ ረቡዕ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ነው፤ ሆላንድ አገር፣ ሮተርዳም ዙይድ የሚባል ሰፈር፣ ሊፍት የሌለው ፎቅ ላይ ብቻዬን እኖር ነበር። እዚህ አገር ረቡዕ ትንንሾቹ ልጆች ከትምህርት ቤት በግማሽ ቀን ይለቀቃሉ። ልጄ ሥራ ላይ ስለምትሆን፣ አሥራ አንድ ዓመት የሆናት የልጅ ልጄ ከእኔ ጋር ትውል ነበር። ለእኔ ሳምንት ማለት ረቡዕ ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ ልጄ፣ «አባዬ፣ አይክፋዎት፤ ልጅቷ ከሚመጣው ወር ጀምሮ ረቡዕ ጓደኛዬ ቤት ልዋል ብላለች። እርስዎ ጋ ይሰለቻታል» አለችኝ።

«ትዋላ፣ ምን ይከፋኛል» አልኩ። ከፍቶኝ ነበር።

ልጅቷ ግን እውነቷን ነው። እኔ የአገሩን ቋንቋ፣ ደች፣ አልችል፣ የእሷ አማርኛ ቁርጥራጭ። እሷ ስልኳ ላይ ተደፍታ የኮሪያ ተከታታይ ፊልም ታያለች፤ እኔ በመስኮት ትራሙን አያለሁ።

ደሴ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ሰፈራችን አንድ የኮሪያ ዘማች ነበሩ። «ሕዝቡ የሚበላው አልነበረውም» ይሉን ነበር። እንግዲህ ያ አገር በምን መንገድ መጥቶ የልጅ ልጄን ያዛት? ማወቅ አማረኝ። በቀጣዩ ረቡዕ ወንበሬን ወደ እሷ አስጠጋሁ።

«ምንድነው የሚሉት?»

«ከታች በደች ተጽፏል፣ አንብበው።»

«ማንበቡን ብችል አንቺን እለማመጥ ነበር?»

ሳቀች። በቴሌቪዥኑ ከፈተችውና እያቆመች ትነግረኝ ጀመር፤ አማርኛ ሲያጥራት በእጇ ታሳየኛለች። አንዲት ባልቴት አለች፤ ምራቷን ቁም ስቅሏን ታሳያታለች፣ ደግሞ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። ምራቲቱ ሻይ ስታቀርብላት ጎንበስ ብላ፣ በሁለት እጇ ነው።

«አየህ አባባ? ኮሪያ ውስጥ ለትልቅ ሰው በአንድ እጅ መስጠት ነውር ነው» አለችኝ፣ እንደ መምህር።

ተነሣሁ። ብርጭቆዬን ይዤ፣ በግራ እጄ የቀኝ ክንዴን ደግፌ፣ ጎንበስ ብዬ አቀበልኳት። ለአባቴ ውሃ ሳቀርብ አደርግ እንደነበረው።

«ከየት አመጣኸው? ተደብቀህ ታያለህ እንዴ!»

«የእኛው ነው።»

አላመነችኝም፤ እናቷ ጋ ደወለች። እናቷ ከስልኩ ውስጥ «ስንት ዓመት ስነግርሽ!» ስትል ለእኔም ተሰማኝ።

እውነት ነው፣ ስንት ዓመት መክረናታል። ኮሪያዎቹ ግን አልመከሯትም፤ ወግ ነው ያወጓት። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

የተባለው ወር ገባ። ረቡዕ፣ ማንም አይመጣም ብዬ ሻይ ለአንድ ሰው ጥጄ ሳለሁ፣ ደወሉ ጮኸ። የልጅ ልጄ ጓደኛዋን አስከትላ በር ላይ ቆማለች።

«ባልቴቷ ታማለች! ሳታይ ልትቀር ነው?»

ሻዬን በሁለት እጇ ሰጠችኝ። «አንተ» ማለቷን ግን አልተወችም፤ እኔም አላረምኳትም።

ያንን የብቸኝነት ብርድ ማን አሻገረህ ብትሉኝ፣ አንድም ቀን አግኝቻት የማላውቀው፣ ምራቷን የምታስጨንቀው ያቺ ኮሪያዊት ባልቴት ናት።