ሁለቱንም ክንድ የምትለካው ልብስ ሰፊ

እትዬ ሜትር የምንላት ሜትሩ ካንገቷ ስለማይወርድ ነው። ከጎኗ ባለው መኪና መስፋት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሙያዋንም ቁጣዋንም ጠግቤያለሁ። ሌላው ልብስ ሰፊ አንድ ክንድ ለክቶ ሁለቱንም እጅጌ ይቆርጣል። እሷ ግን ሁለቱንም ትለካለች። ድሮ ቀኝ ክንዱ ከግራው የወፈረ አንድ ተሸካሚ፣ ኮቱን ገና በለበሰው ቀን እጅጌው ተተርትሮበት ሱቃችን ድረስ መጥቶ አዋርዷታል። ከዚያ ወዲህ የሁሉንም ሰው ሁለት ክንድ ከነቀኑ በልክ ደብተሯ ትጽፋለች። "አንቺ ደግሞ፣ ሰው ሲፈጠር እኩል ነው እኮ!" እያልኩ ስቀልድባት ኖሬያለሁ። አፌን በቆረጠው!

አስተማሪዋ የቆየች ደንበኛችን ናት፤ ከሱቃችን ማዶ ባለው ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። በየሁለት ወሩ ትመጣለች። እትዬ ሜትር ትጽፋለች፦ ቀኝ 27፣ ግራ 27። ሌላ ጊዜ፦ ቀኝ 27፣ ግራ 32፣ "አብጧል፣ ሲጎድል ይለካ"። ልብሱን ልትሞክር በሳምንቱ ስትመለስ ግራውም 27። ደግሞ ሌላ ጊዜ ቀኙ ያብጣል። እትዬ ሜትር የምትጽፈው ለልብሱ ልክ ብላ ነው። ወይ ሌላም አስባ ዋጥ አድርጋዋለች። አምስተኛው እብጠት ላይ ግን ሜትሩን አስቀመጠችና፣ "ልጄ፣ ማነው እንዲህ የሚያደርግሽ?" አለቻት። አስተማሪዋ "ባሌ" አለችና እዚያው የጨርቁ ክምር ላይ ቁጭ ብላ እንባዋን ዘረገፈችው።

ያን ቀን ሱቅ ተዘጋ! ሦስታችን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ሴቷ መርማሪ በሯን ዘግታ ቃሏን ተቀበለች፣ ሐኪም ቤት ልካ የጉዳት ማስረጃ አስጻፈች፣ በዚያው ቀን ተጎጂ ሴቶች የሚያርፉበት ቤት አስገባቻት። ባሏ እንዳይደርስባት የጥበቃ ትእዛዝ የሚጠይቅላት ጠበቃም በነፃ ቆመላት። ይህ ሁሉ መኖሩን እኔ መች አውቄ! ሕግ ለሌባ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ባልየው ግን ችሎት ፊት ጨዋ ሆኖ ቀረበ። "አንድ ጊዜ ደረጃ ላይ ወድቃለች፤ እጄን አንስቼባት አላውቅም" አለ። ሐኪሙ ያየው የመጨረሻውን ጉዳት ብቻ ነው። ዳኛዋ ካመኑት በነፃ ተለቆ ቤቱ ይገባል፤ እሷ በሰው አልጋ ትቀራለች። አቃቤ ሕጓ እትዬ ሜትርን ከነደብተሯ ለምስክርነት ጠራቻት።

የባልየው ጠበቃ ተነሣ። "ሐኪም ነዎት?"

"ልብስ ሰፊ ነኝ።"

"ታዲያ ያበጠውን ከወፈረው በምን ለዩት?"

"የኔ ጌታ፣ ውፍረት ሲመጣ ለሁለቱም ክንድ ነው የሚመጣው። አንዱ ላይ ብቻ አምስት ሴንቲ ጨምሮ በሳምንቱ የሚጠፋ ውፍረት ካዩ እስቲ ያሳዩኝ!"

"ደብተሩን ትናንት ቁጭ ብለው ላለመጻፍዎ ምን ማረጋገጫ አለ?"

"ከሷ በፊትም በኋላም የለካኋቸው ሰዎች ስልካቸው ከልካቸው አጠገብ ተጽፏል፤ ይደወል። ደግሞ ይቅርታ ያርጉልኝና፣ የለበሱትን ኮት የሰፋው ሰው እንደኔ ቢጽፍ ኖሮ ግራ ትከሻዎ እንዲህ አይንሻፈፍም ነበር።"

ችሎቱ በሳቅ ፈነዳ! ዳኛዋ ጠረጴዛውን መቱ፤ እሳቸውም ግን ከንፈራቸውን ነክሰዋል። ወዲያው የእትዬ ሜትር ድምፅ ተሰበረ። "ክቡር ፍርድ ቤት፣ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ዝም ብያለሁ። ያሳፍረኛል።" በእረፍት ሰዓት አስተማሪዋ ኮሪደሩ ላይ እጇን ይዛ፣ "ካንቺ በቀር የጠየቀኝ የለም፣ እትዬ" አለቻት።

ከሰዓት በኋላ ውሳኔው ተነበበ። ጥፋተኛ! ቅጣቱ እስኪወሰን በእስር ይቆያል፤ ከዚያም በኋላ ወደ ቤቷም ወደ ትምህርት ቤቷም ዝር እንዳይል ታዘዘ። "እሰይ!" ብዬ ስጮህ ፖሊሱ ሊያስወጣኝ ነበር። አስተማሪዋ ግን እንደ ተማሪ እጇን አወጣች። "ታዲያ እኔ ዛሬ የት ልግባ?"

"ቤትሽ ነዋ!" አሉ ዳኛዋ።

መርማሪዋ ቁልፉን ከባልየው ተቀብላ በመኪና አደረሰችን። አስተማሪዋ በሩን ከፈተች፣ ገባች፣ ከውስጥ ግጥም አድርጋ ቆለፈችው። እኛ ሦስታችን ደጅ ቀረን። "ኧረ እኛንስ!" ብዬ ላንኳኳ ስል እትዬ ሜትር እጄን ያዘችኝ።

"ተያት፤ እስክትጠግብ ትቆልፍ።"

ሦስት ጊዜ ከፍታ ሦስት ጊዜ ቆለፈች። በአራተኛው በሩን ወለል አድርጋ፣ እየሳቀች፣ "ግቡ" አለችን።