አልጎረስ ያሉት የእትዬ ስንዱ ጥይቶች

ስዊድን አገር፣ ሱንድቢበሪ በሚገኘው የመሣሪያ ጥገና ቤት ተለማማጅ ሆኜ በገባሁበት ቀን፣ አለቃዬ ሌናርት አንድ የሽጉጥ በርሜልና አንድ እፍኝ ጥይት ሰጠኝና «ጣልና ስማ» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም።

አገር ቤት የቶርኖ ሠራተኛ ስለነበርኩ ብረት አውቃለሁ፤ ጥይት ግን አላውቅም ነበር። በርሜሉን አቁሜ ጥይቶቹን በየተራ ጣልኩ። ደህናው ጧ ብሎ ይቀመጣል፤ በርሜሉ ሲገለበጥ በራሱ ክብደት ይወድቃል። መጥፎው ድምፁ የታፈነ ነው፤ ቂጡ ውጭ ይቀራል፣ ሲገለብጡትም አይለቅም።

እዚህ ካሉት የኢላማ ተኳሾች ብዙዎቹ ጥይታቸውን ራሳቸው ይሞላሉ። የተተኮሰውን ቀለህ ያጸዳሉ፣ ፕሬስ በሚባለው የእጅ መጫኛ ወደ ልኩ ይመልሱታል፣ አፉን ትንሽ ይከፍታሉ፤ ባሩድ ጨምረው አረሩን ካስቀመጡ በኋላ የተከፈተውን አፍ መልሰው ያጠብቃሉ። ከእነዚህ አንዱ ከተዛነፈ ሽጉጡ አይጎርስም።

እንዲህ ያለ ጥይት ሲመጣልኝ በማርከር አጠቁረዋለሁ። በርሜሉ ውስጥ አዙሬ አወጣዋለሁ። ቀለሙ አረሩ ላይ ከተፋቀ ጥይቱ ረዝሟል። ወደ ታች ከተፋቀ ቀለሁ ወደ ልኩ አልተመለሰም። አፉ ላይ ከተፋቀ ደግሞ የመጨረሻው መሣሪያ፣ ማጥበቂያው፣ ከቦታው ወጥቷል ማለት ነው።

የእትዬ ስንዱ ጥይቶች ሁልጊዜ አፋቸው ላይ ይፋቁ ነበር።

እትዬ ስንዱ ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ቬሊንግቢ አጠገብ፣ ራድሁስ ከሚባሉት ተያያዥ ቤቶች በአንዱ ብቻቸውን ይኖራሉ። ተኳሹ ባለቤታቸው ጋሽ ዮሐንስ ነበሩ። እሳቸው ሲሞቱ እትዬ ሽጉጡን አልሸጡም፤ ክለብ ገብተው፣ ፈቃድ አውጥተው መተኮስ ተማሩ። እጃቸው የማይንቀጠቀጥ፣ ነገራቸው ሁሉ በሥርዓት የሆነ ሰው ናቸው።

መጀመሪያ ሲመጡ ማጥበቂያቸውን ይዘው እንዲመለሱ ነገርኳቸው። አስተካከልኩት፤ ከቦታው እንዳይነቃነቅ የሚይዘውን ማሰሪያ ቀለበት አጠበቅኩት። በወሩ ተመልሰው መጡ። ያው ነው። ቀለበቱን ቀየርኩላቸው። አሁንም መጡ።

«እኔ አልነካሁትም» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሰው ነው የሚነካው» አሉ።

«የምን ሰው?»

«ጥይት የምሞላበት ሼላረ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ የሚገባ። ቁልፉን አስቀይሬያለሁ። ጠበልም ረጭቻለሁ።»

«ኧረ እትዬ፣ ብረቱ ይዝጋል» አልኳቸው።

አልሳቁም። «ደረጃው ላይ ዱቄት ነሰነስኩ። ጠዋት ሳይ ያለው የራሴ የነጠላ ጫማ ዱካ ብቻ ነው። ማጥበቂያው ግን ላልቷል።» ቦርሳቸውን ሊያነሱ ጎንበስ ካሉ በኋላ ቀና አሉና፣ «ዮሐንስ ብረት ሲጠብቅ አይወድም ነበር» አሉ።

ይህን ለሌናርት ነገርኩት። ሥራውን ሳያቆም አዳመጠኝና፣ «በመናፍስት አላምንም፤ በራሱ በሚላላ አዲስ ቀለበትም አላምንም። ሄደህ እይ» አለኝ።

ቅዳሜ ቀን ሄድኩ። ልትጠይቃቸው የመጣችው ልጃቸው ሊያ በሩን ከፈተችልኝ። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው በስዊድንኛ ነው። እናቷ ወደ ታች ሲወርዱ ጠብቃ፣ ሼላሩን እንደማትወደው ነገረችኝ። እናቷ እዚያ ሲሆኑ ብትጠራቸው የማይመልሱበት ጊዜ አለ አለችኝ።

ሼላሩ ንጹሕ ነው፤ እንደ ቀዶ ጥገና ክፍል። በአንዷ ትንሽ መስኮት የበረዶ ብርሃን ይገባል። ማጥበቂያውን አስተካክዬ ቀለበቱን በእጄ አጥብቄ አሰርኩት። ከዚያ ቀለበቱንና ፕሬሱን አያይዤ አንድ መስመር ነጭ ቀለም ቀባሁበት። አንዱ ቢንቀሳቀስ መስመሩ ይሰበራል። እኛ ሙያ ውስጥ የተለመደ ምልክት ነው።

«እስቲ ይሥሩ እትዬ፤ እኔ ልይ» ብዬ ቁጭ አልኩ።

የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች በሙሉ ደህና ነበሩ። እያንዳንዱን በርሜል ውስጥ ጥዬ ሰማሁት። እትዬ ስለ ክለቡ ያወሩልኛል። ድንገት ዐረፍተ ነገሩ መሐል ላይ ዝም አሉ።

ዓይናቸው ተከፍቷል፤ የሚያየው ነገር ግን የለም። አፋቸው ምንም ሳይጎርሱ ያላምጣል። ቀኝ እጃቸው ቀስ ብሎ ተነሣና ማጥበቂያውን ያዘ። ጣቶቻቸው መፍቻ ሳይፈልጉ ቀለበቱን ፈቱት፤ ማጥበቂያውን ወደ ላይ አዞሩት፤ እንደገናም አዞሩት። በዝግታ፣ የሕፃን ልብስ ቁልፍ እንደሚፈታ እጅ። እጃቸው ሲበቃው ጭናቸው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ጠራኋቸው። አልመለሱም።

ቆየት ብለው ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ አደረጉና የክለቡን ወሬ ካቆሙበት ቀጠሉ። የሚቀጥለውን ጥይት ሠሩ፤ በርሜሉ ውስጥ ጣሉት። ታፈነ።

ዘወር ብለው በእርጋታ፣ «አየህ? አሁን ገብቶ ነበር» አሉኝ።

ደረጃው ላይ ሊያ ቆማ ነበር። «ማማ» አለች።

ነጩ መስመር ለሁለት ተከፍሏል። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበርና፣ «እትዬ፣ እጅዎን ይዩት» አልኳቸው።

አውራ ጣታቸውና ጠቋሚያቸው ነጭ ነበሩ። ወደ መስኮቱ አቅርበው አዩአቸው።

«ይሄ ያንተ ቀለም ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ የምገባው እኔ ነኝ?»

ተነሥተው ጥጉ ላይ ካለው ቧንቧ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ድረስ ታጠቡ፤ ድሮ ቀዶ ጥገና ሲገቡ እንደለመዱት። አድርቀው ሲጨርሱ የመሣሪያ ካዝናውን ቁልፍ ከአንገታቸው አውጥተው ለእኔ ዘረጉ።

ሽጉጡን በልጃቸው ፊት ተረክቤ ወደ ጥገና ቤቱ ወሰድኩት። ከተሞሉት ጥይቶችም፣ በርሜል ውስጥ ደህና ጧ ያሉትን ጭምር፣ አንድም ሳላስቀር ወሰድኩ። ሰኞ እኔና ሌናርት እየፈታን ባሩዱን መዘንን። አልጎረስ ያሉት ባሩዳቸው ልክ ነበር። በደንብ ከሚጎረሱት መካከል ግን ባሩድ ሁለት ጊዜ የተጨመረባቸው አገኘን። ሌናርት ሚዛኑን አጥፍቶ እንደገና አበራና መዘነ። ያው ነው። ያ ጥይት ቢተኮስ ሽጉጡ እትዬ እጅ ላይ ይፈነዳ ነበር። ያን ቀን እኔና እሱ ምሳ አልበላንም።

የሰፈሩ ጤና ጣቢያ፣ ቮርድሴንትራሉ፣ ወደ ነርቭ ሐኪም ላካቸው። ሰው ሳይወድቅ፣ ሳይንፈራገጥ፣ ለጥቂት ጊዜ ራሱን የሚያጣበት የሚጥል በሽታ ዓይነት አለ አሉ ሐኪሞቹ፤ እጅ ያን ጊዜ የለመደውን ሊሠራ ይችላል፤ ባሩዱንም የደገመው ያው እጅ መሆን አለበት። እትዬ ይህን በሙያቸው ያውቁት ነበር። ታማሚዎች ላይ አይተውታል። ራስ ላይ ሲመጣ ግን የሚያየው ሌላ ሰው ነው።

መድኃኒቱ ሠራላቸው። ሽጉጡን እኛው ሸጥንላቸው፤ ፕሬሱን ለክለቡ ሰጡት። በጸደይ ቬሊንግቢ ገበያው አደባባይ ላይ አገኘኋቸውና እንዴት እንደሆኑ ጠየቅኳቸው።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ማንም አይገባም አሁን» አሉ። ከዚያ ወደ ቱነልባናው፣ ወደ ምድር ባቡሩ እያዩ፣ «ቤቱ ግን ሰፋብኝ» አሉኝ።

ለወጣት ጠጋኞች የምለው ይህ ነው። አንድ ደንበኛ በተመሳሳይ ብልሽት ደጋግሞ ከመጣ ጠረጴዛችሁ ላይ መፍትሔ አትፈልጉ። ቤቱ ሂዱና ሲሠራ ተቀምጣችሁ እዩት። ከዚያ ቤት የተሞላ ጥይት ደግሞ፣ ተጎረሰም አልተጎረሰም፣ አንዱንም አትመኑ።