የጋሼ ኤርሳዶ ቅጽ

ስሜ ትዕግስት ነው። ማን እንዳወጣልኝ አላውቅም እንጂ ባገኘው፣ «ወስደህ ለሌላ ስጠው» እለው ነበር። ጂንካ ገበያው ዳር ልብስ እሰፋለሁ። ማክሰኞ አልዱባ ገበያ፣ ቅዳሜ ዲመካ ገበያ ማሽኔን ይዤ እወርዳለሁ። ሃያ ዓመት አልፎኛል በዚህ ሥራ። የከተማው ሰው ግን ስለ እኔ ሲያወራ ሁልጊዜ አጀማመሩ አንድ ነው፦ «ጋሽ ኤርሳዶ ያሳደጋት ልጅ»። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ሁሉ እግሩን ዘርግቶ፣ «ኤርሳዶ ባያመጣሽ ኖሮ ምን ይውጥሽ ነበር?» ይለኛል። ስፒሉን አፌ ላይ ይዤ ዝም እላለሁ። ስፒሉ ባይኖር ምን እንደምለው ጌታ ያውቃል።

ኤርሳዶ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። አባቴ በ1987 ዱራሜ አጠገብ ባለችው መንደራችን ሲሞት ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ጋሼ ያን ጊዜ ጂንካ ገብቶ፣ ከግንበኝነት ተነስቶ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ከፍቷል። ለቅሶ የመጣው በቆዳ ጃኬት ነው። በሦስተኛው ቀን በለቀስተኛው ፊት እጄን ያዘና፣ «ይቺ ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ናት። ከአብኔር እኩል ትበላለች፣ ከአብኔር እኩል ትማራለች» አለ። አብኔር የበኩር ልጁ ነው። እናቴ እግሩ ላይ ወደቀች። ሰው ሁሉ አሜን አለ። እኔም ከማንም በላይ አመንኩት።

ሶዶ አደርን፣ አርባ ምንጭ አደርን፣ በሦስተኛው ቀን ጂንካ ገባን። መንገድ ላይ ብስኩት ገዝቶልኛል። አውቶቡሱ ሲያንገላታኝ ጃኬቱን አልብሶኛል። ይህን አልክድም። ካሳደገኝም እዚያው መንገድ ላይ ነው ያሳደገኝ። ሚስቱ እትዬ ብርነሽ በር ላይ ቆማ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና ለእኔ ሳይሆን ለእሱ፣ «ባልዲ ማንሳት ትችላለች?» አለችው።

ቻልኩ። ሳይነጋ ሁለት ጊዜ ነሪ ወንዝ፣ ከዚያ ወፍጮ ቤት፣ ከዚያ ልብስ አጠባ። ጀርባዬ ላይ ደግሞ ገና ጥርስ ያላወጣችው ሀሌሉያ። ትምህርት ቤትስ ስል፣ «ዘንድሮ ምዝገባው አልፏል» ተባልኩ። በሚቀጥለው ዓመት፣ «ሀሌሉያ ትንሽ ጠንከር ትበል»። በሦስተኛው ዓመት መጠየቅ ተውኩ። የአብኔርን ዩኒፎርም አጥቤ፣ ተኩሼ፣ በር ድረስ እሸኘው ነበር። ፊደል የለየሁት እሱ ከጣለው ደብተር ነው፣ ማታ ማታ እሳት ዳር።

እሑድ ግን ሌላ ነው። እሑድ ነጭ ቀሚስ አልብሰውኝ ቤተ ክርስቲያን የፊት ወንበር ላይ ከቤተሰቡ ጋር እቀመጣለሁ። ጋሼ ትከሻዬን ይዞ ለእንግዳ ሁሉ፣ «የወንድሜ አደራ፣ ልጄ ናት» ይላል። መጋቢው ይባርከዋል። እናቶች እንባቸውን ይጠርጋሉ። ከሰዓት በኋላ ቀሚሱ ወልቆ ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት፣ ልጅ ነበርኩ። ደክሞኝ ካጉረመረምኩ መልሱ የታወቀ ነው፦ «አሳድጌሻለሁ እኮ!»

ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ እትዬ ብርነሽ ስፌት ተምሬ የቤቱን ልብስ በነፃ እንድሰፋላት ብላ ጋሽ ደምሰው ዘንድ ላከችኝ። ደምሰው ልብስ ሰፊ ነው፣ ቅድመ አያቱ ከሰሜን የመጡ፣ ቁጡ ሰው። ስሳሳት ጣቴን በሜትር ይመታኝ ነበር። ግን ምሳ ሲበላ፣ «ነይ ቁረሺ፣ በባዶ ሆድ ማሽን አይረገጥም» ይለኛል። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ከእኔ በልጧል። ትርፍ ማሽን አለኝ፤ ዲመካ ገበያ ወጥተሽ ለምን አትሠሪም? መታወቂያ ግን አውጪ፤ ኬላ አያሳልፉሽም፣ ቤትም የሚያከራይሽ የለም» አለኝ። የዚያን ቀን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ለጋሼ ነገርኩት። ሳቀ። «መታወቂያ ለምንሽ? እኔ እያለሁ! ፋይልሽ ያለው በእኔ የቤተሰብ ቅጽ ላይ ነው፤ እኔ ካልፈረምኩ ማንም አይሰጥሽም። ይልቅ ሻይ አምጪ» አለኝ። ሻዩን አመጣሁ። አሁን እንኳ ሳወራው ደሜ ይፈላል።

ቆርቆሮ ሊያስጭን አርባ ምንጭ የሄደ ዕለት ጠብቄ ቀበሌ ሄድኩ። መዝገብ ቤቱ ውስጥ አቶ ፋሲል የሚባሉ፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሰውዬ ነበሩ። ነገርኳቸው። ከመደርደሪያው ቅጹን አውጥተው ፊቴ ዘረጉት። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ኤርሳዶ፣ የቤቱ ኃላፊ። ብርነሽ፣ ሚስት። አብኔር፣ ልጅ። ሀሌሉያ፣ ልጅ። ከሁሉም በታች፣ ትዕግስት። የአባቴ ስም እንኳ አልተጻፈም። ከስሜ ጎን፣ «ዝምድና» በሚለው ሳጥን ውስጥ «ሠራተኛ» ይላል።

አንዴ አነበብኩት። ደገምኩት። አቶ ፋሲል ደስ ያሰኙኝ መስሏቸው፣ «ሠራተኛ ከሆንሽማ የእሱ ፊርማ ምን ያደርጋል? ልጅ ብትሆኚ ነበር የሚያስፈልገው። ሦስት ምስክር አምጥተሽ በራስሽ ማውጣት ትችያለሽ» አሉኝ። አያችሁ ጉድ? ልጅ የተባለ ቤት ይካፈላል ብሎ ሠራተኛ አስጻፈኝ፣ በገዛ እጁ በሩን ከፍቶልኝ ኖሯል። አመስግኜ ወጣሁና ከሽንት ቤቱ ጀርባ ቆሜ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።

ጋሽ ደምሰው፣ ሚስቱ እትዬ ብዙወርቅና የወፍጮ ቤቱ ጎሳዬ መሰከሩልኝ። በሳምንቱ መታወቂያዬን ያዝኩ፤ ትዕግስት፣ ከነአባቷ ስም፣ ሥራ ልብስ ሰፊ። አንድ ፌስታል ልብስ ይዤ ወጣሁ። እትዬ ብርነሽ እስከ ዋናው መንገድ ተከትላ ረገመችኝ። ጋሼ በእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ፣ «ያሳደግኳት ልጅ ከዳችኝ፣ ጸልዩላት» አለ። ጸለዩልኝ አሉ።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ አልረሳውም። ማሽኔ ሚኒባሱ ላይ ተጭኖ፣ እኔ ከፍየል ጋር ተጋፍቼ ዲመካ ገባሁ። ዛፍ ሥር ተቀምጬ የሐመር ጎረምሶች የሚያገለድሙትን ጨርቅ ጫፍ ስዘመዝም ዋልኩ። አንዲት ማር ልትሸጥ የመጣች ሴት መርገጫውን እያየች አጠገቤ ተቀመጠችና በተሰባበረ አማርኛ፣ «አንቺ፣ የማን?» አለችኝ። «የማንም። የራሴ» አልኳት በኩራት። አዘነችልኝ! ራሷን ነቅንቃ ከማሩ ቆርሳ ሰጠችኝ፤ ሰው የሌላት ሰው ብላ ነው። ተናደድኩ፣ ማሩን ግን በላሁት።

እውነቱን ልናገር እንግዲህ፤ ሴትዮዋ ልክ ነበረች። ቅጹ ላይ ያየሁትን ለማንም አልተናገርኩም። ምስክሮቼም አያውቁም። ለጋሼም አንድ ቀን አፍ አውጥቼ አላልኩትም። ምናልባት ብርነሽ ናት ያስጻፈችው፣ ምናልባት ጸሐፊው ተሳስቶ ነው እያልኩ ሃያ ዓመት ለሰውዬው ሰበብ ስፈልግለት ኖርኩ። ከተናገርኩት እውነት ይሆንብኛል። ልጅ ነበርኩ ማለት ፈልጌ ነበር፣ በቃ! መታወቂያው ኪሴ እያለ እነሱ በጠሩኝ ቁጥር እሮጥ ነበር። የመዘምራኑን ልብስ በነፃ ሰፋሁ። ብርነሽ ስትታመም አጠብኳት፣ ስትሞት ገነዝኳት። ጀርባዬ ላይ ያደገችው ሀሌሉያ ስታገባ ሦስት ቀን ሙሉ ጓሮ ሰሃን ሳጥብ ሰነበትኩ። የቤተሰቡ ፎቶ ሲነሳ ካሜራው ሲብለጨለጭ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት። «ትዕግስት የታለች?» ያለ አንድም አፍ የለም።

ይኸው ባለፈው ሐምሌ ተራው የእሱ ሆነ። አብኔር የአባቱን ቤትም ሱቅም ሽጦ ደቡብ አፍሪካ ገባ፣ ስልኩም ጠፋ። ሀሌሉያ ሐዋሳ ናት፤ ባሏ ቤቱ ጠባብ ነው ይላል። ጋሼን ስኳር ይዞታል፣ አንድ እግሩ አይታዘዘውም፣ የጭቃ ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ሱቄ መጡ፣ አቶ ለማ ፊት ፊት እየመሩ። «ልጄ፣ ያሳደገሽ ሰው ነው» አሉኝ። «ቤትሽ አስገቢው። በቤተሰብ ቅጽሽ ላይ ካስመዘገብሽው በጤና መድኑም ይታከማል። ጌታ ብድርሽን ይከፍልሻል።»

እሺ አልኩ። ልቤ ቢያርም እሺ አልኩ። የጓሮዋን ክፍል ጠረግሁ፣ አልጋ ዘረጋሁ፣ አጎበር ሰቀልኩ፣ የሚደገፍበት እንጨት በሩ አጠገብ አስመታሁ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው። አንድ ጊዜ፣ በሰው ፊት፣ በገዛ አፉ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ምን እንደነበርኩ እንዲነግረኝ። ሌላ ምንም።

ሰኞ ቀበሌ ተገናኘን። አቶ ፋሲል ካረፉ ቆይተዋል፤ አሁን ያለችው ምስጋና የምትባል ልጅ ናት። የእኔን ቅጽ አወጣች። አንድ ስም ብቻ ነው ያለው፣ የቤቱ ኃላፊ ትዕግስት። እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ፣ «የሚገባው ሰው ስም?» አለች። ኤርሳዶ። «ዝምድና?»

«አባት በያት እንጂ» አሉ አቶ ለማ ፈገግ ብለው።

ዞር አልኩ። ጋሼ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ምርኩዙን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። ያ ቆዳ ጃኬት ዛሬም ላዩ ላይ ነው፣ ክርኑን ራሴ የጠጋገንኩት።

«ጋሼ፣ በአንተ ቅጽ ላይ እኔን ምን ብለህ ነበር ያስጻፍከኝ?»

አቶ ለማ፣ «አሁን ይሄ ምን ያደርጋል፣ ልጄ» ማለት ጀመሩ፤ በእጄ ዝም አሰኘኋቸው። በልቤ እየጸለይኩ ነበር። ብርነሽ ናት በል። ጸሐፊው ነው በል። ረሳሁት በል፣ ዋሽ! እቀበልሃለሁ። አልጋው ተነጥፏል። ከማንኛቸውም አንዷን ቢል ያን ዕለት ተሸክሜ እወስደው ነበር፤ እውነቴን ነው።

ቀና ብሎ አየኝ። «ሠራተኛ ብዬ ነው» አለ። ከዚያ ምርኩዙን መሬት መታና ድምፁን ከፍ አደረገ። «ታዲያ ምን ነበርሽ? ሠራሽ፣ በላሽ። ምን ሆንኩ ነው የምትይኝ?»

ልጮኽ ነው ብዬ ነበር፤ ጩኸቱ አልመጣም። ከዱራሜ ጀምሮ የተሸከምኩት ነገር፣ ከሚኒባስ ላይ እንደወረደ ማሽን፣ ከጀርባዬ ሲወርድ ተሰማኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት! ሰውዬው እውነት ሲነግረኝ የመጀመሪያው መሆኑ ነው።

«ምስጋና፣ አትጻፊ» አልኳት።

«ትዕግስት! ያሳደገ ሰው ይጣላል?» አቶ ለማ ቆሙ።

«ሰምተዋል አይደል? ልጅ ብሆን ኖሮ መሄጃም አልነበረኝም። ሠራተኛ ግን ሥራ ትለቃለች።» ወደ እሱ ዞርኩ። «ጋሼ፣ ሥራዬን ለቅቄያለሁ።»

ቅጼን ወደ መደርደሪያው እስክትመልሰው ቆሜ ጠበቅኩና ወጣሁ። በድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ አቋርጬ፣ እዚያ የሚግጡትን ከብቶች እየገፋሁ፣ ቤቴ ገባሁ። አልጋውን አፍርሼ ሁለተኛዋን ማሽን እዚያ ክፍል አስገባኋት፣ ብርሃኑ ለስፌት ጥሩ ነው። ጋሼን የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ተራ ገብተው ያበሉታል አሉ። ይብላ። በርሃብ እንዲሞት አልመኝለትም፤ ለእሱ ግን እጄ አይዘረጋም፣ ጨካኝ ይበሉኝ።

ብለውኛልም። ባለፈው ቅዳሜ ዲመካ አንዱ ከጂንካ የመጣ ደንበኛ እግሩን ዘርግቶ ሱሪውን እያስለካኝ፣ «ለካስ አንቺ ነሽ ያሳደገሽን የጣልሽው?» አለኝ።

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፌ አወጣሁ።

«አላሳደገኝም» አልኩት። «ቀጥሮኝ ነበር። ቀጥ ብለህ ቁም፣ ርዝመቱ ይበላሻል።»