የዳገት ሰላምታ

ባሌ የጤና ቡድን ተጫዋች ነው። ጤና ቡድን ማለት እሑድ እሑድ በማለዳ ሆዳቸውን ተሸክመው ኳስ የሚያሳድዱ የመርሳ ጎልማሶች ማኅበር ነው፤ ኳሷን ሲያገኟት ደግሞ ራሳቸው ይደነግጣሉ። ባሌ በወጣትነቱ ለወረዳው ተጫውቷል። ያችን ወሬ ሃምሳን ካለፈ በኋላ እንኳ አልጠገባትም። እኔን የሚያስቀኝ ግን ጨዋታው ሳይሆን ከጨዋታው በኋላ ያለው ነው። ያገኙትን ጤና ሳይውል ሳያድር ሥጋ ቤት ወስደው ይቀብሩታል። እስላሙ እስላም ሥጋ ቤት፣ ክርስቲያኑ ክርስቲያን ሥጋ ቤት ይገባል፤ የሚለያዩት በሩ ላይ ነው እንጂ ጮማ ላይ እምነታቸው አንድ ነው። ከዚያ ባሌና ብጤዎቹ ጫታቸውን ዘርግተው፣ ለስላሳቸውን ደርድረው እስከ መግሪብ ንቅንቅ የለም። ቤት ሲመጣ «ዛሬ ስፖርት ሠርቻለሁ» ይለኛል። ወላሂ ይለኛል!

በቅርቡ ደግሞ አዲስ አመል አመጣ። ቤታችን ከአስፓልቱ ሽቅብ ነው፤ ከገበያ ስንመለስ ያገኘውን ሁሉ ቆሞ ሰላም ማለት ጀመረ። የወሎን ሰላምታ ታውቁታላችሁ፤ ከሰው ተነሥቶ ጥጃው ሳይቀር ካልተጠየቀ አያበቃም። «አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት ናችሁ፣ ልጆች ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ቆላው በኩል ዝናቡ ጣለ?» እኔ ዘንቢል ተሸክሜ ፀሐይ ላይ እንጨረጨራለሁ። አንድ ቀን የማያውቃትን ማንጎ ሻጭ ስለ እናቷ ጤና ሲጠይቃት ደሜ ፈላ። በዚህ ዕድሜው ሴት ማየት ጀመረ ብዬ ጠረጠርኩ። ምን ላድርግ፣ ቅናት ሽበት አያይም።

ስለዚህ እከታተለው ጀመር። ቁልቁል ስንወርድ ቆንጆ ብታልፍ፣ ቃዲው ቢያልፉ ዝም ብሎ ይሄዳል። ሰላምታው ሽቅብ ስንወጣ ብቻ ነው። ጠጋ ብዬ ሳየው ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፣ እጁንም ደረቱ ላይ አድርጓል። ሰላም እያሉ እጅን ደረት ላይ ማድረግ አክብሮት ነው፤ ማን ይጠረጥራል! ትንፋሹ ሲመለስለት «በሉ ደህና ዋሉ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ያ ረቢ! ቅናቴ እዚያው በረደ።

ቤት ገብተን «ደረትህን ምን ሆነህ ነው?» ብዬ ወጥሬ ብይዘው «ብርድ ነው» አለኝ። በዚህ በመርሳ ሙቀት! ለቡድኑ ነግሯቸው ኖሯል፤ እነሱም መድኃኒቱን አዘውለታል። አሰልጣኛቸው፣ አንቱ የምንላቸው ጡረታ የወጡ የአውቶብስ ሹፌር፣ «ጠንክረህ ሩጥ፣ ላብህ ሲወጣ ይለቅሃል» ብለውታል። አንዱ ፌጦ በሎሚ፣ ሌላው የበግ ላት አቅልጠህ ጠጣ ብሎታል። አገሩ ሁሉ ሐኪም ሆኗል፤ አንድ ሰው ግን ሐኪም ቤት ሂድ አላለውም።

በነጋታው ጎትቼ ወልድያ ወሰድኩት። ሐኪሟ ልጃችንን የምታህል ወጣት ናት። ዳገት ሲወጣ እንደሚያመው፣ ሲቆም እንደሚተወው ጠይቃ ተረድታ፣ በመሣሪያ አይታ፣ ቀስ ብላ ነገረችን፤ ልብም ሥጋ ናት፣ ሥራ ሲበዛባት ደም ትፈልጋለች፣ ለእሱ ልብ ደም የሚያመጣው የደም ሥር ግን ጠቧል።

«እኔ እኮ ስፖርተኛ ነኝ» አላት ደረቱን ነፍቶ።

«አባቴ፣ ስፖርተኛም ይታመማል። ሳምንቱን ቁጭ ብለው ከርመው እሑድ እንደ ጎረምሳ ሲሮጡ ደግሞ ይብሳል።»

መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲውጥ፣ ጮማና ጫት እንዲተው፣ ጨው እንዲቀንስ፣ ሜዳ ሜዳውን ቀስ ብሎ እንዲራመድ አዘዘችው። የቀረው ምርመራ ሳያልቅ ግን ኳስ እንዳይነካ። «አንድ ቀን ሲሮጡ እዚያው ሊቀሩ ይችላሉ» አለችው። እሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እኔ ግን ሰማሁ።

እሑድ ጠዋት ስነሣ አልጋው ባዶ ነው፣ ማሊያውም ከገመዱ ላይ የለም። ሻርፔን እንዴት ራሴ ላይ እንደጣልኩ አላውቅም፣ ወጣሁ። ሜዳው ስደርስ እንደ እብድ ይሮጣል። በዚያ ሜዳ በጨዋታ መሐል ሴት ገብታ አታውቅም፤ እኔ ገባሁ። ኳሷን በሁለት እጄ ለቀም አደረግኋት።

«ማኖ!» ብሎ አንዱ ጅል ጮኸ።

አሰልጣኙ እየተንደረደሩ መጡ። «ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ይሄ ሰውዬ ልቡን ታሟል! ሐኪም ሩጫ ከልክላዋለች! አንቱስ ሩጥ ያሉት፣ ዛሬ እዚህ ቢወድቅ ጀናዛውን እኔ ቤት ድረስ ያመጡልኛል?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ባሌ ፊቱ በርበሬ መስሎ ወደ እኔ መጣ። «አዋረድሽኝ» አለኝ፣ «በጓደኞቼ ፊት አዋረድሽኝ!»

«ተዋርደህ ኑርልኝ!» አልኩት።

ከዚያ ኳሷን እንዳቀፍኩ መሬት ላይ ዝርፍጥ ብዬ አለቀስኩ። ያ ሁሉ ወንድ ዙሪያዬን ቆሞ የሚያደርገው ጠፋው፤ ኳሷንም ከእጄ የሚወስድ አልተገኘም። ባሌ ማሊያውን አውልቆ ወረወረና ወደ ቤት መንገድ ጀመረ። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ እኔም ተነሥቼ ከኋላው ቀስ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ አኩርፎኛል። መድኃኒቱን ከእጄ ይቀበላል፣ ቃል ግን አይወጣውም። ጨው የሌለው ሽሮ ሳቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይበላል። ጠዋት ሊራመድ ሲወጣ ዱላውን ይዞ እኔን ሳይጠራኝ ይሄዳል። ጎረቤት ሰማና ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን መጡ። ድግስ ያለ ይመስል ሁሉም ተደርድረው ተቀመጡ፤ አክብሬ ውኃ ሰጥቼ መለስኳቸው። ያኩርፍ፤ የሞተ ሰው አያኮርፍም።