እትዬ ጥሩ ያስረዘሙት ተረት

ከወገዳ ወዲያ፣ ገደል ሥር ባለች መንደር ልጅ ሳለሁ፣ ክረምት ሲገባ ማታ ማታ ተረት የሚነግሩን የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ጥሩ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር፤ የራሳቸው ልጅ አልነበራቸውም። ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው፣ ጭሱ ያስነባውን ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ ከሁሉ አብልጠው የሚያወሩልን ከመንደራችን በላይ ስላለው ዋሻ ነበር። ያኔ፣ ሰው ሳይፈጠር፣ ተራራው እሳት ነበር ይሉናል። ድንጋዩ እንደ ቀለጠ ሰም ቁልቁል ሲፈስ ላዩ በርዶ ጠጠረ፤ ውስጡ ግን ገና ትኩስ ነበርና መንገዱን ቀጠለ፤ ፈስሶ ሲያልቅ ባዶ ቤቱ ቀረ። እሳቱም ወንዝ ዘንድ ደርሶ «አሳድረኝ» ቢለው ወንዙ እምቢ አለው፣ እዚያው ጠፋ። ተረቱ ይኸው ነበር፤ ቆሎ ዘግነን ሳንጨርስ ያልቃል።

ዋሻውን በዓይኔ ያየሁት ዝናቡ አላባራ ባለበት በአንድ ነሐሴ ነው። ከቤታችን ጀርባ ያለው ተዳፋት ተሰነጠቀ፤ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጎረቤታችንን በረት ከነከብቶቹ ናዳ ይዞት ወረደ። አባቴ እየሮጠ መጥቶ፣ «ቤቱን ልቀቁ! ወደ ዋሻው!» አለን። ሦስት ዓመት ያልሞላው ታናሽ ወንድሜ አበጀ ሰሞኑን ሳል ይዞት ትኩሳቱ አልወርድ ብሎ ነበር። ጤና ጣቢያው ያለው ከወንዙ ማዶ ነው። አባቴ ጠዋት ሊያሻግረው ሞክሮ፣ ውሃው እስከ ደረቱ ሲደርስ ተመልሷል።

አባቴ በሞባይሉ መብራት እየመራ አስገባን። ግድግዳው ጥቁር ነው፤ ጣሪያው ላይ ሊንጠባጠብ ሲል የደረቀ የድንጋይ ጠብታ ተንጠልጥሏል። ተረቱን አምኜ ይሞቃል ብዬ እጄን ባስደግፍበት፣ ድንጋዩ እስከ ክንዴ አበረደኝ። ዋሻው አፍ ላይ ይዘነው በመጣነው ኩበት እሳት ተያያዘ፤ ጭሱ ወደ እኛ ይመለስ ነበር።

«ልጁን ለእኔ ስጪኝና አንቺ ጋደም በዪ» አሏት እትዬ ጥሩ እናቴን። «ስንት ሌሊት ሙሉ ቁጭ ብለሽ!»

«ትንሽ ብቻ» አለች እናቴ። ወዲያው እንቅልፍ ጣላት።

አበጀ በእትዬ ጥሩ ጭን ላይ ሆኖ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ «እትዬ፣ እሳቱስ?» አላቸው። እሳቸውም ጀመሩለት። የዚያን ምሽት ግን እሳቱ ወንዙ ዘንድ አልጠፋም። ወንዙን ተሻግሮ ወደ እስቴ ወረደ፤ አንዲት ድሃ ሴት አሳደረችው፤ ከዚያ ወደ ጉና ወጣ፤ ብርድ የመታቸውን በጎች አሞቀ። እኔ እንቅልፍ እየወሰደኝ በነቃሁ ቁጥር፣ ፍሙ እያነሰ፣ እሳቱ ገና መንገድ ላይ ነበር።

ወገግ ሲል፣ «እትዬ፣ ሳሉ ተወው እኮ» አልኳቸው።

«አዎ፣ ልጄ። ተወው» አሉኝና ወሬያቸውን ቀጠሉ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም።

እናቴ ነቅታ እጇን ዘርግታ ልጇን ስትቀበል ነው የገባኝ። ጩኸቷን ዋሻው ወደ ውስጥ ወስዶ ደጋግሞ መለሰብን። ወንዙም በዚያው ጠዋት ጎደለ። አባቴ አበጀን በጋቢው ጠቅልሎ ተሻገረ፤ ማዶ ሲደርስ የጤና ጣቢያውን መንገድ ትቶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ታጠፈ።

እናቴ እትዬ ጥሩን ለብዙ ጊዜ አላናገረቻቸውም። አንድ ቤት እየኖሩ፣ አንድ ገበታ እየቀረቡ። «ሲሞት እናቱ ትቀፈው እንኳ አላሉም!» ትል ነበር ለአባቴ። እሳቸውም ከዚያ ወዲህ ተረት አላወሩም።

አድጌ፣ አግብቼ፣ ልጅ ወልጄ ልጠይቃቸው በሄድኩ ጊዜ ነው የደፈርኩት። «እትዬ፣ መቼ ነው ያወቁት?»

«ገና ዶሮ ሳይጮኽ» አሉኝ። «ዝም ብል እናትሽ ትነቃ ነበር። ለቅሶው የትም አይሄድባት፣ ትንሽ ትተኛ አልኩ። እሱ ጭኔ ላይ እየቀዘቀዘ፣ የማወራውን እንኳ አላውቀውም።»

እትዬ ጥሩ ዛሬ የሉም። አንዳንድ ቀን፣ ደግ አደረጉ እላለሁ፤ ያቺን ትንሽ እንቅልፍ ለእናቴ ሌላ ማን ይሰጣት ነበር? የገዛ ልጄ ታሞ ደረቱን ሳዳምጥ የማድርበት ጊዜ ሲመጣ ግን፣ ሙሉ በሙሉ ለእናቴ እፈርዳለሁ።