ኤሊዋና ኤሲው

ባለቤቴ አንድ ቀን ከወደብ ሥራው ሲመለስ ከመዳፍ የማትበልጥ ኤሊ በባልዲ ይዞ መጣ። ወደ አገሩ የሚመለስ ባልደረባው ነው የሰጠው። የመስታወት ገንዳዋ፣ የውሃ ማጣሪያዋ፣ የምትወጣበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ሁሉ አብሮ መጥቷል። ከሁሉ ያሳቀኝ ግን የማሞቂያ አምፖሉ ነበር። «ጅቡቲ ውስጥ ማሞቂያ!» አልኩና ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ወረወርኩት።

የቧንቧችን ውሃ ጣሪያ ላይ ካለው ታንከር ስለሚመጣ ቀትር ላይ ፀሐይ አግላው ለሻይ ይደርሳል። ስለዚህ ገንዳውን በማለዳ ሞላሁት። ሳሎኑ እንዳያቃጥላት ብዬ አዘንኩላትና ምሳ በልተን ሁላችንም ወደምንጋደምባት፣ ኤሲ ወዳለባት ብቸኛ ክፍላችን አስገባኋት። ከእኛው ጋር ትቀዝቅዝ ብዬ።

እሷ ግን አንገቷን ወደ ውስጥ ሰብስባ ምግብ እምቢ አለች። ሶማሌዋ ጎረቤቴ መጥታ እጇን ገንዳው ውስጥ ነከረችና «እህቴ፣ በብርድ ልትገድያት ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

አምፖሉን አወረድኩት። ባለቤቴ ፈገግ እያለ አቧራውን ጠርጎ ከድንጋዩ በላይ አሰረው፤ ያናደደኝ ፈገግታው ነው። ብዙም ሳይቆይ ኤሊዋ ድንጋዩ ላይ ወጥታ እግሮቿን ዘረጋች።

ይኸው አሁን፣ ውጭ አስፋልቱ በሚቀልጥበት ሰዓት እኛ ብርድ ልብስ ተከናንበን እንተኛለን፤ እሷ አምፖሏን ትሞቃለች። ኤሲውን እንቀንሰው ያለ ሰው የለም። እኔም ባለቤቴን እንቅልፍ ሲወስደው ጠብቄ፣ እግሬን ቀስ አድርጌ ወደ አምፖሉ አስጠጋለሁ።